የሆድ ነገር፦ «ሀኪሙን የት ተማርክ ብዬ ብጠይቀው ነውር ነው ወይ?»

የዚ ወር ደብዳቤዎች ከከተማው ዳር ዳር ነው የመጡት፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ። እኔም የጨጓራና የአንጀት ሀኪም ሆኜ የምሰራው ጣፎ አካባቢ ስለሆነ መንገዱንም አቧራውንም አውቀዋለሁ። አንደኛው ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል ብዬ ስላሰብኩ አብዛኛውን ቦታ ለሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የምፅፍልዎ ከኮዬ ፈጬ ነው። እናቴ 58 አመቷ ነው፣ ከፋሲካ ወዲህ ጨጓራዋን እያመማት ነው፣ ኪሎዋም ቀንሷል፣ ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፍተዋታል። እዚህ ኮንዶሚኒየሙ ጋ አዲስ የተከፈተ ክሊኒክ ወስጃት ኢንዶስኮፒ፣ ማለት በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ ጨጓራን ማየት፣ ያስፈልጋታል አሉን፣ ማሽኑም እነሱ ጋ አለ። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ጥቁር አንበሳ ካልሆነ እንዳታስነኪያት ይሉኛል። ሀኪሙን የት እንደተማረ ልጠይቀው ብዬ አፈርኩ፣ ወጣት ነው፣ የናቅኩት እንዳይመስለው ፈራሁ። የጨጓራ ሀኪም ከሌላው ሀኪም በምንድነው የሚለየው? እርስዎስ እንዴት ተማሩት?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የእናትሽን ነገር ልበልና ወደ ሌላው እመጣለሁ። ክሊኒኩ ኢንዶስኮፒ ያስፈልጋታል ማለቱ ልክ ነው። 58 አመት፣ ለወራት የቆየ ህመም፣ በዛ ላይ ሳትፈልገው የቀነሰ ኪሎ፣ ይሄ የጨጓራ አሲድ በሚቀንሰው በኦሜፕራዞል እየሸፈኑ የሚጠብቁት ነገር አይደለም። ካንሰር ነው እያልኩሽ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ቁስለት ወይም ሌላ የሚታከም ነገር ሆኖ ይገኛል፣ ግን መታየት አለበት፣ እሱም ቶሎ፣ ከመስቀል በኋላ ከገና በኋላ እየተባለ የሚገፋ አይደለም። ደም ካስታወከች ወይ አይነ ምድሯ እንደ ሬንጅ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ቀጠሮም አትጠብቂ፣ በዛኑ ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።

አሁን ወደ ማፈሩ እንምጣ። ጠይቂው እህቴ። ቤት ስታሰሩ ግንበኛውን ከዚ በፊት የት ሰራህ ሳትሉት ስሚንቶ ታስነኩታላችሁ? የእናትሽ ሆድ ከግድግዳ ያንሳል? እኔ በሽተኛ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው የምልሽ፣ ምክንያቱም የጠየቀኝ ሰው የሚሰጠኝን መልስ ለመስማት ዝግጁ ነው ማለት ነው፣ በኋላ መድሀኒቱን በስርአት የሚወስደውም እሱ ነው። ወጣት መሆኑ ምንም ማለት አይደለም፣ ፌሎሺፕ (ከስፔሻሊስትነት በኋላ ያለውን ስልጠና) ጨርሶ የወጣ ወጣት እጁ ትኩስ ነው፣ በሳምንት ብዙ ሲሰራ የከረመ ነው። ብቻ ጠይቂው። አጠያየቁን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ፣ ግን መልሱ ትርጉም እንዲሰጥሽ የኔን መንገድ በቅድሚያ ልንገርሽ፣ አንቺም ጠይቀሽኛል።

ያደግኩት አለም ገና ነው፣ ያኔ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ስትዪ እርሻ ነበር። ህክምና ትምህርት ቤት የገባሁት በ1994 ዓ.ም ነው። መጀመሪያ ላይ ፒሲ የምንላቸው አመታት አሉ፣ አናቶሚ ነው፣ ሬሳ ነው፣ መፅሀፍ ነው፣ ከዛ ሲ ዋን ሲ ቱ ብለን ዋርድ እንገባለን፣ መጨረሻ ላይ ኢንተርን ሆነን አንድ አመት ሙሉ እንቅልፍ የሚባል ነገር አናውቅም። ለኔ ይሄ ሁሉ 7 አመት ፈጅቷል። በነዛ 7 አመታት ውስጥ ኢንዶስኮፒ ሲሰራ ያየሁት ሁለቴ ነው፣ ሁለቴም ከሰው ትከሻ በላይ ተንጠራርቼ። ስለዚ ጠቅላላ ሀኪም ማለት ሆድሽን መርምሮ፣ መድሀኒት አዝዞ፣ ከሱ አቅም በላይ የሆነውን ለይቶ መላክ ያለበት ሰው ነው፣ ይሄ መለየት ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ።

ለኔ ቀላል አልነበረም። ስመረቅ እጣ አወጣን፣ አርሲ ደረሰኝ። አንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ ካለ ሆስፒታል ተመደብኩ፣ በቀን ስንት ሰው እንደማይ አልቆጥረውም ነበር፣ ግማሹ «ጨጓራ አለብኝ» ብሎ ነው የሚገባው። አንድ አባት መጡ፣ ገበሬ ናቸው፣ 50 ያለፋቸው። ጨጓራዬን ይለኛል፣ ቂጣው አልወርድ ይለኛል አሉኝ። እኔ ጨጓራ የሚለውን ሰማሁ፣ አልወርድ ይለኛል የሚለውን አልሰማሁም። ኦሜፕራዞል ሰጠሁ። ከወር በኋላ ተመለሱ፣ ትንሽ ቀንሰዋል፣ አሁንም ኦሜፕራዞል። ለሶስተኛ ጊዜ ሲመጡ ወተት ብቻ ነበር የሚወርድላቸው፣ ቀበቷቸው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በስተውበታል፣ እሱን ቀዳዳ ሳይ ነው የገባኝ። አዲስ አበባ ላክኋቸው፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፣ ኦፕራሲዮን የሚሆንበት ጊዜ አልፏል። ልጃቸው ወረቀቱን ይዞ መጥቶ እንዳነብለት ሰጠኝ፣ አነበብኩለት፣ አመሰገነኝም። ያንን ምስጋና እስከዛሬ ተሸክሜዋለሁ። መጀመሪያ ጠጣሩ፣ ቀጥሎ ለስላሳው፣ ከዛ ፈሳሹ እምቢ ሲል ቧንቧው እየጠበበ ነው ማለት ነው፣ ይሄን መፅሀፍ ላይ አንብቤ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ፣ ሰውየው ፊቴ ተቀምጠው ሲነግሩኝ ግን አላወቅኩትም።

ከአርሲና ከባሌ ይሄ ካንሰር ይዟቸው የሚመጡ ብዙ ናቸው፣ ከኛ ጀምሮ በምስራቅ አፍሪካ በኩል ወደ ታች ወደ ደቡብ የሚወርድ በሽታው የበዛበት መስመር አለ። ምክንያቱ አንድ አይደለም፣ ከሚጠረጠሩት አንዱ ግን እየፈላ የሚበላና የሚጠጣ ነገር ነው፣ የአለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥን ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ነገሮች ጋር መድቦታል። ቡና ተው አልልም፣ እናትሽንም ቡና ከልክያት አልልሽም፣ ስኒው ትንሽ በረድ ይበል ነው የምለው።

እኚህ አባት ናቸው ወደዚ ሙያ ያመጡኝ። ከአርሲ በኋላ የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ ገባሁ፣ 3 አመት ነው፣ ይሄን የጨረሰ ነው ኢንተርኒስት ወይ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት የሚባለው፣ ልብም ኩላሊትም ስኳርም ሳንባም ያያል። ሌሊት ዲዩቲ ላይ ከሁሉም የሚያስፈራኝ ደም የሚያስታውክ ሰው ነበር። ጎረምሳ ልጅ፣ ከገጠር የመጣ፣ መጠጥ የማያውቅ፣ አንድ ሳህን ሙሉ ደም ያወጣል። የጉበቱ ስራ አልተበላሸም፣ ጣፊያው (ስፕሊኑ) ግን እስከ እምብርቱ ወርዷል። ይሄ ብዙ ጊዜ ቢልሃርዝያ ነው። ትሉ ወንዝ ውስጥ በቆዳ ገብቶ አንጀት አካባቢ ያሉ ደም ስሮች ውስጥ ይኖራል፣ እንቁላሎቹ ጉበት ውስጥ ሲቀበሩ ዙሪያው ጠባሳ ይሰራል፣ ደም በጉበት በኩል ማለፍ ሲያቅተው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፣ የምግብ ቧንቧው ታችኛው ጫፍ ላይ ያሉት ደም ስሮች ያብጡና አንድ ቀን ይፈነዳሉ። ትሉን ፕራዚኳንቴል ይገድለዋል፣ ጠባሳው ግን ይቀራል። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው እንዶድን ለአለም ያስተዋወቁት፣ በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተሸልመውበታል። በዛ ሌሊት ያ ልጅ ፊቴ ተኝቶ ይሄን አስብ ነበር፣ እንዶዱ የኛ፣ ያገኘው ሰው የኛ፣ ልጁም የኛ፣ እኔ ግን ደሙን ማቆም አልችልም። የሚያቆመው ሰው ስኮፑን፣ የኢንዶስኮፒውን ቱቦ፣ አስገብቶ ያበጠውን ደም ስር በትንሽ የጎማ ቀለበት የሚያስር ነው፣ ባንዲንግ ይባላል። ሲኒየሬ በሌሊት ከቤቱ መጥቶ ሲያስረው አየሁ፣ ደሙ ቆመ። እዛው ወሰንኩ።

ፌሎሺፑ 2 አመት ነው፣ ጋስትሮኢንትሮሎጂ ይባላል፣ ጨጓራ ብቻ አይደለም፣ ከምግብ ቧንቧ እስከ ፊንጢጣ፣ ጉበት፣ ሀሞት፣ ቆሽት ሁሉ የሱ ነው። ሰው ቱቦ ማስገባት መማር ይመስለዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስኮፑን ይዤ አየር ላይ ነበር የምለማመደው፣ ግራ እጅ ጎማዎቹን ያዞራል፣ ቀኝ እጅ ይገፋል ይጠመዝዛል፣ አይን ስክሪኑ ላይ ነው፣ ሶስቱም አብረው እስኪሄዱ እጄን ያመኝ ነበር። ከዛ በሰው ላይ፣ ሲኒየሩ ከጎኔ ቆሞ፣ እጁን እጄ ላይ አድርጎ። መግፋት ቶሎ ይለመዳል፣ ከባዱ ሲመለሱ ማየት ነው። በተለይ ከታች ገብተን ትልቁን አንጀት በምናይበት በኮሎኖስኮፒ ላይ ምርመራው ያለው ስትወጪ ነው፣ ቢያንስ 6 ደቂቃ እያየሽ መውጣት አለብሽ ተብሎ የተቀመጠው ሰው እየተቻኮለ ፖሊፕ የሚባለው ትንሽ እብጠት ስለሚያመልጠው ነው።

ይሄ መሳሪያ ዛሬ ስናየው ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ተለፍቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1868 ኩስማውል የሚባል ጀርመናዊ ሀኪም ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ ያስገባው ጎራዴ በመዋጥ በሚተዳደር ሰው ላይ ነው፣ ሌላ ማን ይችለዋል። እንደ ልብ የሚተጣጠፈው በመስታወት ክር የሚያሳየው የመጣው በ1957 ነው፣ የሰራው ትውልዱ ደቡብ አፍሪካ የሆነ ሂርሾዊትዝ የሚባል ሀኪም ሲሆን በሽተኛ ላይ ከመሞከሩ በፊት በራሱ ጉሮሮ አስገብቶ አይቶታል። እኔም ፌሎሺፕ ስጀምር በራሴ ላይ አሰርቻለሁ፣ ማንም አላስገደደኝም፣ ሰዎቹ የሚሰማቸውን ማወቅ ስለፈለግኩ ነው። ያስለቅሳል፣ ያስገሳል፣ አፍም ምራቅ ይሞላል፣ ግን ትንፋሽ አይከለክልም፣ ከ10 ደቂቃ በታችም ያልቃል። ለእናትሽ ይሄን ንገሪያት፣ ትንፋሽሽን አይዘጋውም በያት፣ ሰዎች ከምንም በላይ የሚፈሩት እሱን ነው።

ቁጥር ከፈለግሽ፣ የአሜሪካ የኢንዶስኮፒ ሀኪሞች ማህበር ለረጅም ጊዜ ሲጠቀምበት የነበረው አንድ ሰልጣኝ ብቁ ነው አይደለም ብሎ ለመገምገም እንኳን ቢያንስ 130 የጨጓራ ኢንዶስኮፒና 140 ኮሎኖስኮፒ መስራት አለበት የሚል ነው። ለመገምገም ነው እንግዲ፣ 130 የሰራ ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም። እኛ ጋ ችግሩ እቃ ነው፣ በሰለጠንኩባቸው ቦታዎች በአንዱ ስኮፑ ተበላሽቶ ለሳምንታት ስራ ቆሞ ያውቃል፣ በሽተኛው ከክፍለ ሀገር መጥቶ ኮሪደር ላይ ይጠብቃል፣ እኛ ጋወን ለብሰን እንቆማለን፣ በጣም ያማል።

ከሁለቱ አመት ውስጥ የቀረልኝ ትልቁ ነገር ግን በእጅ የሚሰራ አይደለም። አስተማሪዬ ማንኛውንም ምርመራ ላዝዝ ስል አንድ ነገር ይጠይቀኝ ነበር፣ «ውጤቱን አግኝተህ ምን ልታደርግበት ነው?» ይላል። መልስ ካጣሁ ወረቀቱን ይመልስልኛል። የ22 አመት ልጅ፣ ፈተና ሲደርስ ቃር ቃር የሚላት፣ ኪሎ ያልቀነሰች፣ ደም የሌለባት፣ ኢንዶስኮፒ ምን ይጨምርላታል? እንደ እናትሽ ያለች ግን ዛሬ ነው መግባት ያለባት። ስልጠናው ማለት ይሄንን መለየት ነው፣ ማሽን ያለው ክሊኒክ ሁሉ ለሁሉም ሰው ኢንዶስኮፒ ካዘዘ እኔ እጠረጥራለሁ።

እና አጠያየቁ፣ «ዶክተር፣ ኢንዶስኮፒ የት ነው የሰለጠኑት፣ በሳምንት ስንት ሰው ይሰራሉ» በይው፣ በቃ። ሰብ ስፔሻሊስት ካልሆነ ብለሽ አትሩጪ፣ በደንብ የሰለጠኑ ኢንተርኒስቶችና ሰርጅኖች በሀገራችን ብዙ ኢንዶስኮፒ ይሰራሉ፣ የሙያ ፈቃዱን ማየትም መብትሽ ነው። ከዛ ሰው የማይጠይቀውን ጠይቂ፣ ስኮፑን በሽተኛ ከበሽተኛ መሀል እንዴት ነው የምታጥቡት በይ። ወዲያው በብሩሽ ታጥቦ፣ ውስጡ ያለው ቀጭን ቀዳዳ ሁሉ ተቦርሾ፣ ጀርም በሚገድል ኬሚካል ተነክሮ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ነው ለሚቀጥለው የሚገባው፣ ይሄ ጊዜ ይወስዳል። አንድ ስኮፕ ብቻ ኖሯቸው በየ10 ደቂቃው ሰው ካስገቡ ተነስተሽ ውጪ፣ የጉበት ቫይረስ ሳይቀር በዛ ሊተላለፍ ይችላል። ናሙና ከወሰዱ ለየትኛው ፓቶሎጂ ላብራቶሪ እንደሚልኩትና ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ፣ ደም ቢፈስ ደግሞ ወደየት እንደሚልኳት ጠይቂ። ይሄን በደንብ ከመለሰልሽ ኮዬ ፈጬም ይሁን ጥቁር አንበሳ ለኔ ለውጥ የለውም፣ እንዲያውም ጥቁር አንበሳ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ለከበዱት ቢቀርላቸው ደስ ይለኛል። ጎረቤቶችሽ ክፉ አስበው አይደለም፣ ግን ወረፋ ሲጠብቁ ወራት እንደሚያልፍ ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሰበታ ነው የምኖረው፣ ህክምና ሶስተኛ አመት ነኝ። ጋስትሮ መሆን ነው የምፈልገው፣ ስንት አመት ይፈጃል፣ ከአሁኑስ ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ የኔ ወንድም፣ የሰፈሬ ልጅ ነህ ማለት ነው። እኔ 7 እና 3 እና 2 ተምሬያለሁ፣ 12 አመት፣ መሀል መሀል ላይ ያገለገልኩበት 5 አመት ሲጨመር ከገባሁበት እስከጨረስኩበት 17 ሆነ። አሜሪካ ያሉት ኮሌጅ 4፣ ሜዲካል ስኩል 4፣ ሬዚደንሲ 3፣ ፌሎሺፕ 3 ብለው 14 ይደርሳሉ፣ ስለዚ አትደንግጥ፣ አጭር መንገድ የትም የለም።

ከአሁኑ የምታዘጋጀው ጆሮህን ነው። ሰዋችን ሆዱን የሚናገርበት የራሱ ቋንቋ አለው፣ ቃር ይለኛል፣ ይነፋኛል፣ ያገሳኛል፣ ይጮህብኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይሄ ሁሉ የተለያየ ነገር ነው፣ «ጨጓራ» ብለህ አትጠቅልለው። ጨጓራ እኮ የአካል ስም ነው፣ የበሽታ ስም አይደለም፣ ጨጓራ አለብኝ ሲልህ የት፣ መቼ፣ ሲበላ ነው ሲራብ ብለህ ጠይቅ፣ ሽቅብ ሲወጣ የሚይዘውና ሲያርፍ የሚለቀው ከሆነ ደግሞ ልቡ ሊሆን ስለሚችል የልብ ምርመራውን ኢሲጂ አሰራ። ትልቅ ሰው ፊት ስለ ሰገራ ለመጠየቅ እንዳታፍር፣ ግን በወጉ ጠይቅ፣ «እማማ፣ አይነ ምድርዎ ጠቁሮ ያውቃል?» ስትላቸው ይነግሩሃል፣ በእንግሊዝኛ ስትጠይቃቸው ዝም ይሉሃል። እጅ በኋላ ይመጣል። ኢንተርን ስትሆን ኢንዶስኮፒ ክፍል ሄደህ ቁም፣ ማንም አያባርርህም፣ ነርሶቹን ስኮፕ አስተጣጠብ አሳዩኝ በላቸው፣ እኔ ይሄን የተማርኩት ከነርስ ነው እንጂ ከሲኒየር አይደለም።

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። 66 አመቴ ነው፣ ከለገጣፎ። የጨጓራ ባክቴሪያ (ኤች ፓይሎሪ) አለብህ ተብዬ በሁለት አመት ውስጥ ሶስት ጊዜ የ14 ቀን መድሀኒት ጨርሻለሁ፣ በደም ስመረመር አሁንም ፖዘቲቭ ይላል። ተልባም ፌጦም ሞክሬያለሁ። ለጉልበቴ ዳይክሎፌናክ እወስዳለሁ፣ ሌላ በሽታ የለብኝም። አራተኛ ዙር ልውሰድ?

መልስ፦ ጋሼ፣ አይውሰዱ፣ እስኪ ይቆዩ። በደም የሚሰራው ምርመራ የሚያየው ሰውነትዎ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሰራውን ነገር ነው፣ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴ ለአመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚ ሶስት ጊዜ ፖዘቲቭ ማለት ሶስት ጊዜ አልዳኑም ማለት ላይሆን ይችላል፣ ምናልባት በመጀመሪያው ዙር ድነው ይሆናል፣ ያስተማሪዬ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው፣ መዳንዎን የማይነግረን ውጤት ምን ሊያደርግልን ነው። የሚያስፈልግዎ ባክቴሪያውን ራሱን የሚፈልገው የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ነው፣ አንቲባዮቲክ ከጨረሱ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ካቆሙ ደግሞ 2 ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል። እሱ ፖዘቲቭ ካለ ያኔ ከበፊቱ የተለየ መድሀኒት ይታዘዛል፣ ክላሪትሮማይሲን የሚባለውን ያንኑ አንቲባዮቲክ መደጋገም የለመደውን ባክቴሪያ ማጠንከር ነው። ለሀኪሙ ሶስቱንም ዙር ምን ምን እንደወሰዱ ይንገሩት፣ ባዶ ካርቶኑ ካለ ይዘው ይሂዱ።

ባክቴሪያው ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ማርሻልና ዋረን የሚባሉ አውስትራሊያዊ ሀኪሞች ናቸው ያገኙት፣ ማርሻል የሚያምነው ቢያጣ እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጥቶ አሳይቷል፣ በ2005 ኖቤል ተሸልመውበታል፣ የጨጓራ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮችም ውስጥ ተመዝግቧል። እኔን ግን በደብዳቤዎ ላይ ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ አንድ ቃል ናት፣ ዳይክሎፌናክ። እሱ ራሱ ብቻውን ጨጓራ ያቆስላል፣ ያደማል፣ በ66 አመት ደግሞ በጣም። ምናልባት ሁለት አመት ሙሉ ባክቴሪያ ሲያባርሩ ያቆሰለዎት የጉልበቱ መድሀኒት ይሆናል። ያቁሙት፣ ለጉልበትዎ በፓራሲታሞልና በሚቀባ ነገር ይቆዩ፣ ሀኪም ጋ ሄደው ጉልበቱንም ሆዱንም አንድ ላይ ያሳዩ፣ በዚ እድሜ ሁለት አመት የቆየ ህመም ስለሆነ ኢንዶስኮፒውም ይታሰብበታል። ተልባው አይጎዳዎትም፣ ፌጦው ግን የሚያቃጥልዎት ከሆነ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ማክሰኞ ኢንዶስኮፒ ቀጠሮ አለኝ፣ ከሰአት ስራ መግባት እችላለሁ?

መልስ፦ የሚያደነዝዝ መርፌ በደም ስርህ ከሰጡህ በዛን ቀን አትንዳ፣ እስከ ማግስቱ፣ ነቅቻለሁ ቢመስልህም እጅህ አይታዘዝህም፣ ሰው ይዘህ ሂድ። ጉሮሮህ ላይ ስፕሬይ ብቻ ከተነፋልህ ከሰአት መስራት ትችላለህ፣ ድንዛዜው እስኪለቅህ ግን፣ ወደ አንድ ሰአት ገደማ፣ ውሀም እንዳትጠጣ፣ ወደ ትንፋሽህ ይሄድብሃል። ከሌሊቱ 6 ሰአት በኋላ ምንም አትብላ፣ ማስቲካም ጫትም ጭምር፣ ጨጓራህ ሙሉ ከሆነ ትመለሳለህ፣ የማክሰኞ ገቢህም የቀጠሮህም ቀን አብሮ ይሄዳል። የትኛው እንደሚሰጥህ አሁኑኑ ደውለህ ጠይቃቸው፣ ያንተ ነገር ከሱ ይጀምራል።